ቤቴን በአፌ ላፈርሳት የነበርኩበት ዕለት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ቤት በሜትር አይለካም ነበር፣ በእንግዳ ነው የሚለካው፤ "የእከሌ ቤት ስንት ሰው ያሳድራል?" ነው ጥያቄው፣ እና እኔ ቦሳ አዲስ ሰፈር ያለችውን የጭቃ ቤቴን "የየቡ ከተማ ሰው ሁሉ ገበያ ውሎ ቢመሽበት ይተኛባታል፣ ከነፈረሱ!" እያልኩ ስኩራራባት የኖርኩ ሰው ነኝ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ገና ምኑን ሰማችሁና!

ታዲያ አምና ለግብር ሲባል ቤት ሁሉ እንደ አዲስ ሊገመት ነው ተባለ። ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ወልዴ መጣና "አንተ ሰውዬ፣ ያ ጉራህ ዛሬ ጉድ ያፈላብሃል! ቤትህን ጎስቆል አድርጋት" አለኝ። እኔ ደግሞ ምክር ስቀበል እጥፍ አድርጌ ነው፤ ሶፋውን ወልዴ ቤት አስገባሁ፣ አልጋውን አስገባሁ፣ ባለቤቴ ዘይነባ የተቀመጠችበትን በርጩማ ሳይቀር ከሥሯ ሳብኩት። "ያ ረቢ! እኔንስ ወልዴ ቤት አታስገባኝም?" አለችኝ። አልበቃኝም፣ የባሕር ዛፍ እንጨት አምጥቼ ደህናውን ግድግዳ በውጭ በኩል ዙሪያውን ደገፍኩት፣ ልክ ዛሬ ነገ እንደሚወድቅ።

ገማቾቹ መጡ፣ አንዲት ረጋ ያለች ወጣት መሐንዲስና ሜትር የያዘ ባልደረባዋ። "አካም ጂርቱ አባባ፣ ቤቱን ልንገምት ነው" አለች።

"ምኑን ቤት ትይዋለሽ ልጄ! ምስጥ ጨርሶታል። እኛ እኮ ማስነጠስ ሲመጣብን ወደ ደጅ ነው የምንሮጠው። ትናንት ድመት ጣሪያው ላይ ብታርፍ፣ ወላሂ፣ ቤቱ አቃሰተ!"

እሷ እቴ፣ ፈገግም አላለች። ድጋፉን አየች፣ ባዶውን ክፍል አየች፣ ፊቷ ተለወጠ፣ እና "እንዲህ ከሆነማ ሰው ሊኖርበት አይገባም። አደገኛ ነው ብዬ ላመለክት ነው፤ እናንተ ትነሣላችሁ፣ ቤቱም ይፈርሳል" አትለኝም!

ማል ጎና! ምን ልሁን? ሌላ መግቢያ የለኝ፣ ያለችኝ ይህችው ቤት፣ እሷም በገዛ ምላሴ ልትፈርስ!

"ቆይ፣ ቆይ ልጄ!" ብዬ ድጋፉን እየነቀልኩ ወረወርኩ። "እያት! አለት ናት! ዝሆን ቢገፋት የሚወድቀው ዝሆኑ ነው!" ግድግዳውን በትከሻዬ ገጨሁት፤ ትከሻዬ እስከ ዛሬ ያመኛል፣ ግድግዳው ንቅንቅም አላለ። ያላመነችኝ መሰለኝና በመሰላል ጣሪያው ላይ ወጣሁ፣ በዚህ ሽበቴ፣ እና እዚያ ላይ ዘለልኩ! "ቤተ መንግሥት ናት! ጦር ሠራዊት ቢሰፍርባት አትነቃነቅም!"

ወልዴ ከአጥሩ ማዶ "ኧረ ዝም በል፣ በዘለልክ ቁጥር ግብሩ እየጨመረ ነው!" ይላል። ልጅቷ ከታች "አባባ፣ በፈጠረዎት ይውረዱ!" ትላለች።

ወረድኩ፣ ቆርቆሮው ሱሪዬን ቀዶ አስቀርቶት። እሷም ዞር ዞር ብላ ግድግዳውን መታ መታ አደረገች፣ ባልደረባዋ ለካ፣ ከዚያ "እኛ ሶፋ አንቆጥርም አባባ" አለችኝ። "የምናየው ስፋቱን ነው፣ ከምን እንደተሠራ ነው፣ የት ሰፈር እንዳለ ነው። ለአሮጌ ቤት ደግሞ የእርጅና ቅናሽ አለው። ግምቱ በዛብኝ ካሉም ቅሬታ ያቀርባሉ። ይኼ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ?"

"ታዲያ አሁን ምን ብለሽ ልትጽፊ ነው?"

"እኔም እሱን ነው የምጠይቅዎ፤ የሚፈርስ ነው ወይስ ቤተ መንግሥት?"

የተቀደደ ሱሪዬን በእጄ ይዤ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ። ይኼን ጊዜ ዘይነባ ወገቧን ይዛ "ልጄ፣ ቤቱስ ደህና የጭቃ ቤት ነው፣ እንደዚያው ጻፊው" አለቻት፤ "የእርጅና ቅናሹን ግን ለእሱ አድርጊለት።"

ያቺ ኮስታራ ልጅ የምትጽፍበት ወረቀት ላይ ተደፍታ ሳቀች፣ ወልዴ አጥሩን ይዞ ተንከተከተ። ቤቴም በደህና የጭቃ ቤት ደረጃዋ ተጻፈች፣ አልሀምዱሊላህ።

"እና አባ ሚልኪ፣ ቅሬታ አላቀረቡም?" አለኝ ከሚሰሙኝ ልጆች አንዱ።

"በማን ላይ? በዘይነባ? እሷማ ልክ ነው የገመተችኝ!"