ሞቷል የተባለው ቪዲዮ

የወንድማቸው ልጅ ያን ዕለት ወደ ጋሽ ድገሙት ሱቅ የገባችው አጎቷን ልትጠይቅ አስባ ሳይሆን ዝናብ አባሯት ነው። ጃንጥላዋን ደጃፉ ላይ አራግፋ «እንደምን ዋሉ አጎቴ» ስትል፣ እሳቸው መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ላፕቶፕ ኮምፒውተራቸው ላይ አፍጥጠው ነበር።

ጋሽ ድገሙት የሠርግ ቪዲዮ አንሺ ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ሙሽሮች ናቸው፤ ቀለበት ሲጠለቅ የሰው ጭንቅላት ከጋረዳቸው «ድገሙት!» ብለው ይጮኻሉ። የተከበረ ሽማግሌ ሳይቀር ከመኪና ወርዶ እንደገና ይገባላቸዋል። ሙያቸውን የሚያማ አልነበረም። አንድ ክፉ ልማድ ግን ነበራቸው። አንድ ቪዲዮ ሦስት ጊዜ ተሞክሮ ካልተከፈተ «በቃ፣ ሞቷል» ብለው ሜሞሪ ካርዱን ፎርማት አድርገው ይደመስሱታል። ካርዱ ለነገ ሠርግ ይፈለጋላ! ሰውም ቢሆን ባለሙያ «ሞቷል» ካለው፣ መቼ ሁለተኛ ሐኪም ይጠይቃል?

ከጠረጴዛው ማዶ የጎረቤታቸው ልብስ ሰፊ፣ ሜትሯ ከአንገቷ ሳይወርድ፣ ወንበር ላይ ኩርምት ብላ ተቀምጣለች። እሑድ ታናሽ እህቷ ስትዳር የቀረጹት ጋሽ ድገሙት ናቸው፤ የእህትማማቾቹ እናትም ተነሥተው ለሙሽሮቹ ምክር ሰጡ። ማክሰኞ ድንገተኛ ሕመም ጣላቸው። ነፍሳቸው ተረፈች፤ ቀኝ እጃቸውና አንደበታቸው ግን ተያዘ። ሐኪሙም «ንግግራቸው ስለመመለሱ ቃል አልገባም» ብሏል። እንግዲህ የእናቲቱ ድምፅ ያለው በእሑዱ ሠርግ ካርድ ላይ ብቻ ነው።

«ምነው አጎቴ፣ ምን ገጠማችሁ?» አለች ልጅቷ።

«ምን ይገጥመናል ልጄ፤ እናትየው ሲናገሩ የካሜራው ባትሪ አለቀ። ይኸው 'ፋይሉን መክፈት አልተቻለም' ይላል። ሦስቴ ሞከርኩት። አዝናለሁ እህቴ፣ የእግዜር ሥራ ነው» ብለው ወደ ልብስ ሰፊዋ ዘወር አሉ። አፋቸው ያዝናል፤ እጃቸው ግን ልማዱን አልረሳም። ኮምፒውተሩ «ካርዱ ይደምሰስ?» ብሎ ጠይቋቸው፣ ጣታቸው ወደ «እሺ» እየሄደ ነበር።

«እጅዎን ያንሡ!»

ጋሽ ድገሙት ክው አሉ። እንኳን የወንድማቸው ልጅ፣ የሙሽራ አባት እንኳ እንዲህ ጮኾባቸው አያውቅም። ልብስ ሰፊዋም ከወንበሯ ብድግ አለች።

«ይቅርታ አጎቴ፣ እንደ ድፍረት አይዩብኝ» አለች ልጅቷ፣ ፊቷ በኀፍረት ቀልቶ። «ግን አልከፈት ያለ ሁሉ የሞተ አይደለም።»

«ተምረሻል፤ በትምህርትሽ አልከራከርሽም። እኔ ግን አንቺ ሳትወለጂ ካሜራ ተሸክሜያለሁ። የማይጫወት ቪዲዮ ቦታ ከመያዝ በቀር ምን ይረባል?»

«እንቢ ያለው ቪዲዮው ሳይሆን ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ማጫወቻ ቢሆንስ?»

«ማጫወቻው ምን በወጣው!»

«ይስሙኝማ አጎቴ። አንድ ወፍራም መጽሐፍ ያስቡ። ገጾቹ ሁሉ ተጽፈዋል፤ ማውጫው ግን የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ነው። የእርስዎም ካሜራ እንዲሁ ነው። ቀረጻውን ሲያቆሙት፣ የትኛው ምስል የት እንዳለ፣ የትኛው ድምፅ ከየትኛው ምስል ጋር እንደሚሄድ ጽፎ ፋይሉን ይዘጋል። እሑድ ባትሪው ሲያልቅበት ማውጫውን ሳይጽፍ ቀረ። ማጫወቻው ደግሞ እንደ ግትር ዘበኛ ነው፤ 'መታወቂያ ከሌለህ አትገባም' ብሎ ከበር መለሰው። ገጾቹ ግን ካርዱ ላይ አሉ።»

«እሺ፣ ፎርማት ባደርገው ኖሮስ?»

«ቦታው ባዶ ነው ተብሎ ይታወጅ ነበር። ነገ ሌላ ሠርግ ሲቀርጹበት በእናትየው ድምፅ ላይ ይጻፍበታል። ከዚያ ወዲያ ማንም አይመልሰውም።»

ልብስ ሰፊዋ «ወይኔ እናቴ!» ብላ ደረቷን ያዘች። ጋሽ ድገሙት ጣታቸውን አዩት፤ የሌላ ሰው ጣት መሰላቸው።

ልጅቷ አስፈቅዳ ወንበሩን ያዘች። ከሁሉ አስቀድማ የካርዱን ሙሉ ቅጂ ወሰደችና ካርዱን ነቅላ ለልብስ ሰፊዋ አስጨበጠቻት። «የታመመውን አንነካካም፤ የምንሞክረው ሁሉ በቅጂው ላይ ነው» አለች። ቀጥላ ሌላ ማጫወቻ ከፈተች። መስኮቱ ተከፈተ፤ ጥቁር ነው፤ ድምፅም የለው።

«አላልኩሽም?» አሉ ጋሽ ድገሙት። ክርክር መርታት ክፉ ነገር ነው፤ ለአፍታ ያህል የልብስ ሰፊዋን እንባ አስረሳቸው።

«ይሄኛው ማጫወቻ ቢያንስ ለመሞከር ፈቃደኛ ነው። እሑድ በዚሁ ካሜራ ያነሡት ጤነኛ ቪዲዮ ይስጡኝ። ማውጫው እንዴት እንደሚጻፍ ከጤነኛው አይቶ ለታመመው የሚጽፍለት ፕሮግራም አለ።»

ሰጧት። ፕሮግራሙ ሥራውን ሲጀምር ጋሽ ድገሙት ክብራቸውን ለማስመለስ የሌላ ካርድ ሰክተው ያለፈውን ሳምንት ሠርግ ከፈቱ። «ይሄን ተመልከቺ፤ ያለ አንዳች እንከን ይጫወታል። ጤነኛ ማለት ይሄ ነው። ለደንበኛ ሰጥቼ ካርዱን ልደመስሰው ነው።»

ልጅቷ ጥቂት ተመለከተችና «ሙሽራው እዚህ ጋ ድርቅ ሲል አዩት?» አለች።

«ሙሽራ ይፈዛል እኮ! ሲፈዝ ስንቱን አይቻለሁ።»

«አልፈዘዘም አጎቴ።» ፋይሉን ከዳር እስከ ዳር የሚመረምር ፕሮግራም አስነሣች። የኮምፒውተሩ ማያ በቀይ መስመሮች ተሞላ፤ እያንዳንዱ መስመር አንድ ስሕተት ነው።

«ምንድን ነው ይሄ ሁሉ ደም?»

«ብልሽቱ ነው። ካሜራው ሁሉንም ምስል ሙሉ አድርጎ አይጽፍም። አንዱን ሙሉ ይጽፍና ከዚያ በኋላ የተለወጠውን ብቻ ይመዘግባል። በመሐል አንድ ነገር ሲበላሽ እስከሚቀጥለው ሙሉ ምስል ድረስ ያለው ይዛባል። ማጫወቻው ደግሞ ይሉኝታ አለበት፤ ባዶ ከማሳየት ያለፈውን ምስል ደግሞ ያሳይዎታል፣ ወይም ዘልሎት ያልፋል። ገመናውን ይሸፍናል እንጂ አያድነውም። ካርድዎ እየታመመ ነው፤ እርስዎ ግን ማጫወቻው ጨዋ ስለሆነ ብቻ አላወቁም። ደንበኛው ቤቱ ወስዶ ጨዋ ያልሆነ ቴሌቪዥን ላይ ቢከፍተውና እንቢ ቢለውስ? ካርዱን እንደሆነ ያኔ ደምስሰውታል።»

ጋሽ ድገሙት ወደ ማያው ጠጋ አሉ። የተከፈተ ሁሉ ጤነኛ፣ ያልተከፈተ ሁሉ ሙት ነው ብለው ነበር የኖሩት። ለካ ሁለቱም ውሸት ነው! አፋቸውን ከፍተው ሊናገሩ ሲሉ ከኮምፒውተሩ የሴት ድምፅ ወጣ።

የእናትየው ፊት በአረንጓዴ አራት ማዕዘኖች ተሸፍኖ አገጫቸው ወደ ጎን ተንሻፏል። ድምፃቸው ግን ጥርት ያለ ነበር። «ልጆቼ፣ ትጣላላችሁ። ያልተጣላ ባልና ሚስት አላየሁም» አሉ፤ እንግዳው ሁሉ ሳቀ። ወዲያው ምስሉ ጠራና ሙሉ ፊታቸው ብቅ አለ። «ብቻ ተኳርፋችሁ እንዳታድሩ። ክፉም ቢሆን ተናገሩ። ዝም የተባባለ ቤት—»

እዚያ ላይ አለቀ።

ልብስ ሰፊዋ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ጋሽ ድገሙት ግን አላለቀሱም፤ ድንጋጤ እንባ የለውም። «ስንቱን ደምስሻለሁ?» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ። «አንዱ የሟች አባቱን ጭፈራ ፈልጎ መጥቶ 'ሞቷል' ብዬ መልሼዋለሁ። መልሺልኝ ልጄ። ያን እንኳ መልሺልኝ።»

«በላዩ ሌላ ሠርግ ተቀርጿል አጎቴ። ያን አልችልም።»

የሰውየው ትልቅነት የታየው እዚህ ላይ ነው። አላመካኙም፣ በካርዱ ፋብሪካም አላሳበቡም። «እንግዲያው የሚድነውን እናድን» ብለው ያለፈውን ሳምንት ካርድ ከማንበቢያው አወጡና፣ ለደንበኛው ደውለው ብልሽቱን ሳይደብቁ ነገሩት፤ አብረው ሊጠግኑትም ቀጠሩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሱቅ ሁለት ቅጂ ሳይወሰድ፣ ቅጂውም ከዳር እስከ ዳር ሳይመረመር የሚደመሰስ ካርድ የለም። አንዱ ማጫወቻ እንቢ ሲል ሌላ ይሞከራል፤ ኦሪጅናሉ አይነካም፤ የታመመ ካርድም በጡረታ ይሸኛል። ጥቂት ካርድ መግዛት ግድ ብሏቸዋል። ነገር ግን ቀድሞ «ሞቷል» ተብሎ ከሚሸኘው ደንበኛ አብዛኛው አሁን ቪዲዮውን ይዞ ይሄዳል፤ ጋሽ ድገሙትም ሰውን ዓይን ዓይኑን እያዩ ማርዳት ቀርቶላቸዋል። አንባቢም በስልኩ ያለውን አልከፈት ያለ ቪዲዮ ለመደምሰስ ከመቸኮሉ በፊት፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ ቢጠይቅ አይጎዳም።

የዚያን ዕለት ግን ዝናቡ እንዳባራ ሦስቱም ወደ ልብስ ሰፊዋ ቤት ሄዱ። እናትየው ትራስ ተደግፈው ተቀምጠዋል። ጋሽ ድገሙት ኮምፒውተሩን ጭናቸው ላይ አድርገውላቸው ወደ ግድግዳው ተጠጉ። አሮጊቷ የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ ደነገጡ፤ ግራ እጃቸውን ወደ ማያው ሰደዱ። «ዝም የተባባለ ቤት» ብሎ ቪዲዮው ሲቆም ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ምንም አልወጣም። እንደገና ሞከሩ፤ አሁንም አልወጣም።

ልብስ ሰፊዋ የምክሩን ፍጻሜ እሑድ ሰምታዋለች። እናቷ እግር ሥር ተንበርክካ፣ እጃቸውን ይዛ፣ «ባዶ ቤት ነው» ብላ ጨረሰችላቸው።

እናትየው ራሳቸውን በአዎንታ ነቀነቁ።