የቅቤ ነጋዴው አፍንጫ

በ፲፱፻፸፰ ዓ.ም. ክረምት፣ አንድ ረፋድ ላይ፣ አቶ ገብረወልድ ኮልፌ ገበያ አጠገብ፣ ከቀበሌው ጽሕፈት ቤት ፊት ለፊት ካለው ፌርማታ ቆመው ነበር። የሚጠብቁት አውቶቡስ ሳይሆን የቀበሌውን ሊቀ መንበር ነው። በኪሳቸው ባለው ማመልከቻ ላይ «ጎረቤቴ ጥሩሰው ስኳር ይደብቃል» የሚል ተጽፏል። ስኳሩን ግን አላዩም።

ሠላሳ ዓመት ቅቤ ሲነግዱ ለጋውን ከበሰለው፣ ንጹሑን ሞራ ከተቀላቀለበት የሚለዩት በአፍንጫቸው ነበር። ከወር በፊት ጭቃ አዳልጧቸው በማጅራታቸው ወደቁ። በጎናቸው ቅቤ የሚሸጠው ጥሩሰው አንስቶ አጠባቸው፤ ውሃም አጠጣቸው። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅቤውም ጭቃውም አንድ ሆነባቸው።

ተሻለች የምትባለው የልጃቸው የባዮሎጂ አስተማሪ በዚያ ስታልፍ አየቻቸው።

«እንደምን አደሩ ጋሼ? ራስዎን ተሻለዎት?»

አቶ ገብረወልድ ግራ ቀኙን ቃኙ። ሰላምታ እንኳ ተገላብጦ የሚታይበት ዘመን ነበር።

«ማን ነገረሽ?»

«መውደቅዎን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።»

«አፍንጫዬ ሞቷል። በውሃ የገደለብኝንም አውቀዋለሁ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ጋሼ፣ የጎዳዎት መውደቁ ነው። በአፍንጫ ውስጥ ያሉት የሽታ ሕዋሳት ቀጫጭን ክሮቻቸውን እንደ ወንፊት በተበሳሳ አጥንት አሳልፈው ወደ አንጎል ይልካሉ። ራስ ሲመታ ክሮቹ እዚያው ይበጠሳሉ።»

«የተበጠሰውን ማን ይቀጥለዋል?»

«በሞተው ሕዋስ ምትክ አዲስ ይወለዳል፤ አዲስ ክርም ያበቅላል።»

«ክር ዓይን አለው እንዴ? መንገዱን በምን ያውቃል?» አሉ እያፌዙ።

«በላዩ ላይ የሚያጣብቁ ፕሮቲኖች አሉ። በገበያ ቀን ከአስኮ የሚመጣውን ሰው አያዩም? ባለቅቤው ከባለቅቤ፣ ባለእህሉ ከባለእህል ጋር ተያይዞ በግፊያው መሐል ወደየገበያ ተራው ይደርሳል። ክሮቹም ሲነካኩ የሚስማማቸውን ይይዛሉ፣ የማይስማማቸውን ይለቃሉ፤ እንደ ነዶ ተሳስረው ይሄዳሉ። ሊቃውንቱ ገና ሁሉን አልደረሱበትም።»

«እንግዲያ የኔ ይመለሳል ትያለሽ?»

«ሊመለስ ይችላል፤ መንገድ ስቶ ሽታው ሊጣመምም ይችላል። ጨርሶ ላይመለስም ይችላል። ዋሽቼ አላጽናናዎትም፤ ሐኪም ይይዎት።»

ከወደቁ በኋላ በድብቅ የጠየቁት ጠንቋይ «በሰባት ቀን ይድናል» ብሎ ምሎላቸው ነበር። የማታውቀውን አላውቅም የምትል ይህች ልጅ በልጣ ታየቻቸው። ቢሆንም ጥርጣሬያቸው በቀላሉ አልለቀቃቸውም።

«ታዲያ ውሃው?»

«ከጭቃ ያነሳዎት ማን ነው ጋሼ?»

አቶ ገብረወልድ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሰደዱ። በዚህ መሐል የቀበሌው ዘበኛ «ጓድ፣ ሊቀ መንበሩ ገብተዋል!» ሲል ተጣራ።

«ተሳስቼ ነው የመጣሁት» አሉና ወረቀቱን ቀደዱት።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ጥሩሰው መደብ ሄዱ። ለመግዛት አስበው የያዙትን የቅቤ ናሙና ዘርግተው፣ «በመተት ጠርጥሬህ በሐሰት ልከስህ ነበር። አሁን ደግሞ ይህን እንድታሸትልኝ መጣሁ» አሉት።

የጥሩሰው ፊት ዐመድ መሰለ። ከዚያ ቅቤውን ተቀብሎ ወደ አፍንጫው አስጠጋ።

«ሞራ አለበት። አይግዙት ጋሼ።»

ባለማወቅ የተጻፈ አንድ ወረቀት ጥሩሰውን ለእስር፣ ልጆቹን ለረሃብ ሊዳርግ ነበር፤ ለአቶ ገብረወልድም የጠፋ ሽታ ባልመለሰላቸው። በማግስቱ ክሊኒክ ሄዱ። በጥር ወር ሽታ ሲጀምራቸው ሳሙናው እንደ ተቃጠለ ጎማ ከረፋቸው። ሚስታቸው «ደግሞ ማን ነካህ?» ብትላቸው፣ «ማንም አልነካኝም፤ አንዱ ክር ተራውን ስቶ ነው» ብለው እየሳቁ ፊታቸውን ታጠቡ።