አረንጓዴ ሁሉ ሐኪም ነው

ነይ ግቢ እህቴ። እዚያኛው ላይ አትቀመጪ፣ አንድ እግሩ አጭር ነው፤ ይኼኛው ይሻልሻል። ጫማሽ ሲያምር! በዚህ ሙቀት እግሩ የሚያብጠው የኔ ብቻ ነው እንዴ? አለቃችን ስልክ ላይ ናቸው፣ ሲጨርሱ ይጠሩሻል። እስከዚያ እንጫወት። የጥርስ ክሊኒካችሁ እንዴት ዋለ? በሽተኛ አልጠፋም?... ሐኪሙማ ሞልቷል።

አይ፣ አትሳቀቂ፣ እንደልብሽ አውሪ። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለው ሰው አይሰማንም፤ ጆሮ ማዳመጫ አድርጓል። የሽቦው ጫፍ ወለሉ ላይ ነው እንጂ የትም አልተሰካም... ግን ጎበዝ ሰው ያለ ሽቦም ሙዚቃ ይሰማል።

ደግሞ ክፉ ያወራሁበት እንዳይመስልሽ። እንደሱ ያለ ከየት ይገኛል? እኛ ደካሞቹ አንዲት የቀጠሮ ድረ ገጽ ስንሠራ እንኳ ሥራውን ለሦስት እንከፍለዋለን። ሞዴሉ መረጃውን ይይዛል፤ ማን በሽተኛ፣ ማን ሐኪም እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ነው። ቪው የምታዪው ፊቱ ነው፤ ቀለሙ፣ ጽሑፉ፣ የምትጫኚው ቁልፍ። ኮንትሮለሩ ደግሞ መሃል ቆሞ የመጣውን ጥያቄ ተቀብሎ ወደሚመለከተው ይልካል፤ ልክ እንዳንቺ። አንቺ እንግዳ ትቀበያለሽ እንጂ ጥርስ ትነቅያለሽ? ግድግዳስ ትቀቢያለሽ? የኛ ሰው ቢሆን ይነቅላል፣ ይቀባልም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው አይደል የሚባለው? እሱ ሃምሳውንም ብቻውን አቅፎ "ጌጤ ነው" አለ። እኛስ ምን እንበለው? ያምርብሃል አልነው።

የናንተን ድረ ገጽ ሲሠራ "ለሦስት እንክፈለው" ብዬ ለምኜው ነበር። እምቢ አላለኝም፣ ጨዋ ነው። ሦስት ፎልደር ከፈተ፣ ስማቸውንም አሳምሮ ጻፈላቸው። ሁለቱ እስከ ዛሬ ባዶ ናቸው... ንጽሕናቸው! ሦስተኛው ውስጥ አንድ ፋይል አለ። ሁሉም እዚያ ነው፤ በሽተኛው፣ ሐኪሙ፣ ቀለሙ... ብትፈልጊ ምሳ ዕቃውንም አታጪውም።

ትናንት የናንተ ዶክተር "ሰማያዊው ፊት አይሰጥም፣ አረንጓዴ አድርጉልን" አሉ። ቀለም የኔ ሥራ ነው። ገባሁ፣ ሰማያዊ የሚለውን ሁሉ አረንጓዴ አደረግኩ፣ ወጣሁ። ከቀለም ምን ይመጣል ትያለሽ? እኔም እንዳንቺው የዋህ ነበርኩ! ለካ የኛ ሰው ሐኪምን ከበሽተኛ የሚለየው በቀለም ኖሯል። ስሙ በሰማያዊ የተጻፈ በሽተኛ ነው፣ በአረንጓዴ የተጻፈ ሐኪም። ወይ ጉድ! ሐኪሞቹ ያን ሁሉ ዓመት ቀለም ሲቆጥሩ የኖሩት በከንቱ ነው... መቀባት ሲበቃ!

ከዚያ ወዲያ ያለውን አንቺ ነሽ ያየሽው። ለበሽተኛው ሁሉ "ዛሬ ተረኛ ሐኪም ነዎት" የሚል መልእክት ደረሰው። እኚያ እናት "ጋውኔስ?" ብለው አልተቆጡሽም? ያ በያጅስ የራሱን ፒንሳ ይዞ አልመጣም? ሥራ አክባሪ ማለት እንደዚህ ነው! ዶክተሩ ራሳቸው ከዚያ ሁሉ የሙያ ባልደረባ ጋር ተደርድረው በሽተኛ ሲጠብቁ ዋሉ አሉ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነበር የምናውቀው። የኛ ሰው ድር ግን ዶክተር አስሮ አንበሳውን ለቀቀው።

ይኼስ ይሁን፣ ተሳስቆ ይታለፋል። እኔን የቆረቆረኝ፣ ረፋድ ላይ አለቃችን ዘንድ ገብቶ "እሷ ናት የነካካችው" ማለቱ ነው። እኔ! ቀለም በቀየርኩ! ተናድጃለሁ እህቴ፣ ምን እደብቅሻለሁ። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ ይባል የለ? እዚህ ቤት አይጡ ዱላውንም ያቀብላል። አሁን አለቃችን የሚሰሙት አንቺን ነው፤ ካንቺ ቃል በኋላ ወይ እቀመጣለሁ፣ ወይ ዕቃዬን ሰብስቤ እወጣለሁ። ግን እኔ አንቺን ምን አስተምርሻለሁ? ትናንት ዶክተሩ ቀለሙን ሲያዙ፣ ስልኩን በድምፅ ማጉያ ከፍተው ሲያወሩ አጠገባቸው ነበርሽ። "ቀለም ብቻ ነው፣ ምንም አይነካም፣ እኔ አለሁ" ያላቸው ሰውዬ ድምፁ... ወፍራም ነው ወይስ ቀጭን? ተይው፣ ለኔ አትንገሪኝ። ለአለቃችን ንገሪያቸው።

ስትገቢስ የባለ ጆሮ ማዳመጫውን ጉንጭ አየሽው? አብጧል፣ ምስኪን! መንጋጋው ነው፤ በአንድ ወገን ብቻ ነው የሚያኝከው። እኔ ቂም አላውቅም። ቅድም ራሴ ቀጠሮ አስያዝኩለት፣ በገዛ ድረ ገጹ። ስሙንም እንደ ሕጉ በሰማያዊ ጻፍኩለት፤ አሁን በክሊኒካችሁ ያለው በሽተኛ እሱ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ደግሞ! ዓይኔን ሳላርገበግብ ሐኪም መደበለት... አዎ፣ ባለፒንሳውን። ሰውዬው እስካሁን አልሄደም አይደል? ጎሽ።

ተነሺ፣ እየጠሩሽ ነው። ሽቦውን እንዳትረግጪበት፣ ሙዚቃው ይቋረጥበታል። በይ እንግዲህ፣ አንቺም ከልብሽ አሜን በይለት፦ ፈጣሪ ሕመሙን ያቅልልለት፤ እንደሱው ረዳት የማይሻ፣ ሁሉን ብቻውን የሚችል ሐኪም ይስጠው፤ የሚነቅልለትም ሰው እጁ... ልክ እንደሱ እጅ የተባረከ ይሁንለት።