ዕቃ ትሰብራለች

ከመሀል ከተማ ወደ ባልባላ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ ለነፍሰ ጡር ቦታ የሚለቅ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የሚያናግር ሰው ነው። ሔርሜላ ከአገር ቤት መጥታ ናጋድ ጣቢያ ከባቡር ከወረደች ዓመት ሊሞላት ነው። ባሏ እንድሪያስ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ከወደቡ ጭኖ ወደ አገር ቤት ከወጣ ሁለት ሳምንት አይመለስም። እሷም አንዲት የአማርኛ ቃል ሳይወጣት የሚመሽበት ቀን ብዙ ነው። «የባሰ አለ፣ አገርህን አትልቀቅ» የሚለው ተረት መቼም ትዝ የሚለን ከለቀቅን በኋላ ነው።

ስለዚህ አጠገቧ የተቀመጡት አሮጊት «አይዞሽ ልጄ፣ ስንት ወርሽ ነው?» ሲሏት እንባዋ መጣ።

«ስምንት ገባ፣ እማማ። ሴት ናት ብለውኛል።»

እትዬ ወርቅዬ ይባላሉ። ሠላሳ ዓመት በአዋላጅነት ሠርተው ጡረታ ወጥተዋል። ዋራበሌ የሚባለው ሰፈር ሲደርሱ አብረዋት ወርደው ቤቷ ድረስ ሸኟትና በበሩ ጥላ ሥር ተቀመጡ።

«እንዲያው ልጠይቅሽ፤ ካስቀየምኩሽ ተይው። ስለ ግርዛት ምን አስበሻል?»

ሔርሜላ አቀረቀረች። «በስምንተኛው ቀን ነዋ፣ እንደ አገራችን። ጎረቤቴ ገራዥ አመጣልሻለሁ፣ ሴቶቹንም እጠራልሻለሁ ብላኛለች። ደግሞ ያልተገረዘች ሴት ዕቃ ትሰብራለች ይባላል።»

«አንቺ ተገርዘሻል?»

«አዎ።»

«ስንት ብርጭቆ ሰብረሻል?»

ሔርሜላ ሳታስበው ሳቀች። «እንድሪያስ ከገዛቸው ስድስት ሁለት ቀርተውናል።»

«አየሽ! ብርጭቆ የሚሰብረው እጅ ነው። በእጅ ጥፋት ሌላ ገላ ይቆረጣል?»

«ክርስትናስ? ካልተገረዘች ቄሱ ያጠምቋታል?»

«የሚጠብቁት ሰማንያ ቀኗን ነው። ሴት ትገረዝ የሚል ቃል በመጽሐፉ የለም።»

ከዚያም ያዩትን ቀስ ብለው ነገሯት፤ ሕፃን ደም ሲፈሳት፣ ቁስሉ ሲያመረቅዝ፣ ካደገች በኋላ በምጥ ጊዜ ጠባሳው አልለጠጥ ሲል። ሔርሜላ በጥሞና ሰማች። ነገር ግን ዕውቀት ብቻውን ቢያሳምን ኖሮ ሲጋራ የሚያጨስ ሐኪም ባላየን ነበር።

«ሁሉም ገብቶኛል፣ እማማ። ግን ጎረቤቴን እምቢ ካልኳት በሬን ማን ያንኳኳል? ከእሷ በቀር ሰው የለኝም።»

እትዬ ወርቅዬ ወደ እሷ ጠጋ አሉ። የያዛት ነገር ይህ መሆኑን አሁን ገና አወቁ።

«እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር» አሉ። «አዋላጅ ሆኜ፣ ጉዳቱን እያወቅሁ፣ ሰው እንዳይርቀኝ ብዬ ልጄን ሊድያን አስገረዝኳት። ያን ቀን ቤቴ በእንግዳ ሞላ። ዛሬ ከእንግዶቹ አንዲት የምትጠይቀኝ የለችም። ሊድያ ሁለት ቀን አምጣ ወለደች፤ ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሳም። እዚሁ ከተማ፣ ካርቲዬ ሰባት በሚባለው ሰፈር ናት ያለችው፤ የልጅ ልጄን ግን አላየሁም። ልጄ፣ ጎረቤት ይመጣል ይሄዳል። እኔ ለሰው ብዬ የራሴን ሰው አጣሁ።»

ሔርሜላ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

«እንግዲያው ማንም አይነካትም» አለች። «እርስዎ ግን ይምጡና ገላዋን ይጠቡልኝ።»

አሮጊቷ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ጎረቤቷ እምቢታውን ስትሰማ አኮረፈች፤ ሴቶቹም ቀሩ። ይህን መደበቅ አያስፈልግም፤ መልካም ነገር ሁሉ በእልልታ አይጀመርም። ሕፃኗ ግን በደህና ተወለደች፤ ደም አልፈሰሳትም፣ ትኩሳትም አልያዛትም። በስምንተኛው ቀን ቤት ውስጥ ሁለት ሴቶች ብቻ ነበሩ፤ እናቷና እትዬ ወርቅዬ፤ እሷም በመካከላቸው ጡት ጠብታ ጠግባ፣ ሳታለቅስ ተኝታ ዋለች።