ጨው የለመነች ልጅ

ከራጅኮት ወደ ዶራጂ በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ መቀመጫ አጥቼ ቆሜ ሳለሁ አንዲት ወጣት ብድግ ብላ «መምህር፣ እዚህ ይቀመጡ» አለችኝ። ቀና ብዬ ሳያት የጎረቤቴ የማኒባ የልጅ ልጅ ቪራሊ ናት። ሕክምና ትማራለች፤ ዘንድሮ አራተኛ ዓመቷ ነው። በልጅነቷ ሳይንስ ያስተማርኳት እኔ ስለሆንኩ እሷን አስነሥቼ መቀመጡ አላሳፈረኝም። እንዲያውም እግሬን ያመኛል ብዬ ጨመርኩበት።

«ቤተሰብ ልትጠይቂ ነው የምትመጪው?» አልኳት።

«ትምህርቱ ትንሽ ፋታ ሰጥቶኝ ነው። የቤቱ ሰው እንዴት ነው? ጁሂስ?»

ጁሂ የአጎቷ ልጅ ናት፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ከሕፃንነቷ ጀምሮ አፏ ውስጥ ነጭ ነገር እየወጣ ያስቸግራታል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ ጣቶቿ እየተኮማተሩ አልዘረጋ ስለሚሏት ሐኪም ያዘዘላትን ካልሲየም ትውጣለች።

«ደህና ናት» አልኩ። «ዘንድሮ የጋውሪን ጾም ይዛለች፤ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ትንሽ ጠቁራለች። ትናንት ደጃፍ ላይ ስታስመልስ አየኋት፤ መቼም ጾም ነው፣ ምን ይደረጋል።»

ይህ ጾም በእኛ አገር የልጃገረዶች ነው። ልጆቹ እንስት አምላካችን እናት ጋውሪ ጥሩ ባል እንድትሰጣቸው በትናንሽ ማሰሮ ስንዴ አብቅለው እየሰገዱ፣ አምስት ቀን ሙሉ ጨው የሚባል ነገር ሳይቀምሱ ይቆያሉ። ቪራሊ ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ። «ጨው ሳትቀምስ ሦስት ቀን?» ብላ ጠየቀችኝና ከዚያ በኋላ እስክንወርድ ድረስ ሰዓቷን ደጋግማ ታይ ነበር።

ነገሩ ስላላማረኝ አብሬያት ሄድኩ። ማኒባ እንደ ወትሯቸው በረንዳው ላይ፣ በሰንሰለት በተንጠለጠለው ዥዋዥዌ ተቀምጠው ከሙን ይለቅማሉ። ጁሂ የስንዴ ማሰሮዋን አጠገቧ አድርጋ ምንጣፍ ላይ ተጋድማለች። እናቷ ሻርዳ የሽምብራ ዱቄት በእርጎና በእርድ በጥብጣ የልጅቷን ክንድ ታሻሻለች፤ መልኳ እንዲፈካ ነው። አባትየው ሱራት ውስጥ አልማዝ የሚሞርድ ሠራተኛ ስለሆነ ቤት የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። የቤቱ ነገር ሁሉ በማኒባ እጅ ነው ማለት ይቻላል።

ቪራሊ፣ በቤቱ ሁሉም «ባ»፣ እማማ እንደ ማለት፣ የሚሏቸውን የአያቷን እግር በአክብሮት ነካ አደረገችና ወዲያው ጁሂ ዘንድ ተንበርክካ ድዷን ገልጣ አየች፤ መዳፏንም ዘርግታ ተመለከተች።

«መጣች የኛ ዶክተር!» አሉ ማኒባ። «ውሃ እንኳ ሳትጠጪ የሰው አፍ ትከፍቻለሽ? ፈረስ ልትገዢ ነው?»

«ባ፣ ይቺ ልጅ አሁኑኑ ጨው መቅመስ አለባት። ከዚያ ወደ ሐኪም ቤት።»

«ምን አልሽ?»

«ጾሙን ትግደፍ።»

ማኒባ ሳቁ። «ሁለት ቀን ቀርቷት? እኔ ይዤዋለሁ፣ እናትሽም ይዛዋለች፤ የሞተ አለ? አንቺ ነሽ ድንች ጥብስ በልተሽ የገደፍሽው። ይኸው ባል የለ፣ ጎጆ የለ፣ መጽሐፍ አግብተሽ ቀረሽ።»

«መጽሐፉ አይማታም፣ ባ» አለች ቪራሊ።

ሳቄ አመለጠኝ። ማኒባ በዓይናቸው ገላመጡኝና አፌን በመዳፌ ሸፈንኩ። ክፉ ሰው አይደሉም። ጁሂን ከዓይናቸው ብሌን ለይተው አያዩዋትም። ጾሙንም ያስያዟት፣ ልጅቷ እየጠቆረችና እየከሳች ስትሄድ ማን ያገባታል ብለው ስለተጨነቁ ነው። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው እንዲህ በፍቅርም ይደርሳል።

«ባ፣ በምን የጠቆረች ይመስልዎታል?»

«በፀሐይ ነዋ! ቀኑን ሙሉ ስትዞር።»

«ፀሐይ ድድ ውስጥ ይገባል? ይዩት፣ ድዷ ጠቁሯል። የመዳፏ መስመር ጠቁሯል። ጉልበቷ ላይ ያለው የድሮ ጠባሳ ሳይቀር ከሰል መስሏል።»

ማኒባ ጎንበስ ብለው የልጅቷን ድድ አዩ። ከሙኑን ወደ ጎን አሉት።

«ከኩላሊት በላይ የተቀመጡ ሁለት ትናንሽ ዕጢዎች አሉን» አለች ቪራሊ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «ጨው ከሰውነት እንዳይወጣ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። የጁሂ ዕጢዎች ሥራ ሊያቆሙ የደረሱ ይመስለኛል። ጨው በሽንት ሲሄድ ሰውነት ጨው ጨው ይላል። ሻርዳ፣ ጁሂ ጨው ትወድ ነበር?»

«ከጾሙ በፊት በመዳፏ እየዘገነች ትልስ ነበር» አለች እናትየው። «ባ ተቆጧት።»

«መቆጣት ነዋ! ጨው የሚልስ በግ ነው እንጂ ልጅ ነው? ደሞስ የአፏ በሽታ ሌላ፣ የእጇ ሌላ፣ አሁን ደግሞ የኩላሊት ዕጢ! ስንት በሽታ ልትቆልሉባት ነው?»

«በሽታው አንድ ነው፣ ባ። ሰውነታችን ዘበኛ አለው። የጁሂ ዘበኛ የቤቱን ሰው ሌባ ነው እያለ ይደበድባል። አንድ ቀን ካልሲየም የሚቆጣጠረውን ዕጢ፣ ሌላ ቀን ጨው የሚጠብቀውን። አፏም የማይድነው በዚሁ ነው። በጣም ጥቂት ሰው ላይ የሚታይ፣ በዘር የሚመጣ ነገር ነው።»

«በዘር!» ማኒባ እጃቸውን አጨበጨቡ። «እኔ ድሮም ብዬ ነበር። ከእናቷ ወገን ነው። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ የለም።»

ሻርዳ አንገቷን ደፋች። የመጀመሪያ ልጇ ማልሃር በዘጠኝ ዓመቱ ከሞተ ጀምሮ ይህን ቃል ስትሰማው ኖራለች። እኔም ጎረቤት ሆኜ ሰምቻለሁ።

«የለም፣ ባ» አለች ቪራሊ። «ከአንድ ወገን ብቻ ቢሆን ኖሮ ልጅቷ አትታመምም ነበር። እኩሌታው ከእናቷ፣ እኩሌታው ከአባቷ ነው። ለአባቷ ደግሞ ከእርስዎ ወይም ከአያቴ ነው የደረሰው። እኩሌታውን ብቻ የተሸከመ ሰው አይታመምም፣ ስለዚህ አያውቀውም። ወገናችን ትንሽ ነው፤ እርስ በርሳችን ስንጋባ የተደበቁት ሁለቱ ይገናኛሉ። ጥፋተኛ የለም።»

ዥዋዥዌው ቆመ። በዚያ ቤት ውስጥ ለማኒባ እንዲህ ያለ ነገር በፊታቸው የተናገረ ሰው አላውቅም። ስድብ ይወርዳል ብዬ ስጠብቅ፣ ዓመት ሙሉ አማቷ ፊት ድምጿን ከፍ የማታደርገው ሻርዳ ተናገረች።

«ባ፣ ማልሃርስ?»

«ማልሃር ምን?»

«እሱም ጠቁሮ ነበር። በጨው የተዘፈዘፈውን የማንጎ አቻር ማሰሮ እያነሣ ጨዋማውን ውሃ ይጠጣ ነበር። ያስታውሳሉ?»

ማኒባ የሳሪያቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አደረጉ።

«ቆለፍኩበት» አሉ። «ይሰርቃል ብዬ ማሰሮውን ቆለፍኩበት። ‹ባ፣ ትንሽ ብቻ› እያለ ይለምነኝ ነበር። ውሃ የጠማው መስሎኝ ውሃ ሰጠሁት።»

ቪራሊ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች። «ያን ጊዜ ማንም አላወቀም፣ ባ። ሐኪሙም አላወቀም። አሁን ግን እያወቅን ነው።»

«ጋውሪስ? ልጅቷ በመካከል ስለገደፈች ብትቆጣባትስ?»

እኔ እስካሁን የሳቅሁበትን ለመካስ ያህል ጣልቃ ገባሁ። «ማኒባ፣ የታመመ ሰው የጀመረውን ጾም ዘመድ ይጨርስለት የለም እንዴ? እናቴ ለአባቴ ጨርሳለች።»

«ይሄ እኮ የልጃገረድ ጾም ነው፣ አንተ መምህር! ባል የሚለመንበት!» አሉ። ከዚያ ጁሂን አዩዋት። ልጅቷ ዓይኗን ለመግለጥ እንኳ ደክሟት ነበር። ማኒባ ከዥዋዥዌው ወርደው፣ የስንዴውን ማሰሮ አንሥተው ታቀፉት።

«እኔ እይዝላታለሁ። ሻርዳ፣ ጨው አምጪ።»

በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ያውም ባላቸው የሞተባቸው ሴት! በእኛ ሰፈር ይህ ቀላል ውርደት አይደለም። ሻርዳ ሎሚ፣ ስኳርና ጨው በውሃ በጥብጣ በማንኪያ በማንኪያ አጠጣቻት፤ እኔም ባጃጅ ጠራሁ። ጁሂ መንገድ ላይ ራሷን ሳተች። ሐኪሙ የደም ግፊቷን ለክቶ ደነገጠ። ጨዋማውን ፈሳሽ በደም ሥሯ ለቀቀላት፤ ዕጢዎቿ ማመንጨት ያቆሙትን የሚተካ መርፌም ወጋት። እስከ ጾሙ ፍጻሜ ብትቆይ ኖሮ አልደርስላትም ነበር ሲል ሁላችንም ሰማነው። ማኒባ ግድግዳው ላይ ተደግፈው አለቀሱ። ሲረጋጉ ወደ ሻርዳ ዞረው «ልጄ፣ በድዬሻለሁ» አሏት። ሻርዳ እግራቸውን ልትነካ ጎንበስ ስትል ይዘው አቀፏት።

በኋላ የተላከው የደም ምርመራ ቪራሊ የጠረጠረችውን አረጋገጠ። በሽታው ከሥሩ አይነቀልም፤ ሐኪሙም በየጊዜው እየመረመረ ሌሎች ዕጢዎቿን ይጠብቅላታል። ግን ክኒኗን በየቀኑ ከዋጠች፣ ትኩሳት ሲይዛት ሐኪሙ እንዳዘዘው መጠኑን ከጨመረች፣ ካልሲየሟን ካልዘነጋች፣ እንደ እኩዮቿ ትኖራለች። ይኸው ዛሬ ብስክሌት ስትጋልብ እግሬን ልትደፈጥጠኝ ምንም አልቀራት። መልኳም ያለ ሽምብራ ዱቄት ተመልሷል።

ማኒባ ጾሙን በትክክል ጨረሱ። የበቀለውን ስንዴ ወንዝ ሊለቁ ከልጃገረዶች ጋር ተሰልፈው ሲሄዱ ሰፈሩ በሳቅ ፈረሰ። ጎረቤታችን ላሊታ «ማኒ፣ ባሉ መቼ ነው የሚመጣው?» ብላ ጮኸች።

«መልከ መልካም ከሆነ ላንቺም አስተርፍልሻለሁ!» አሉ።

ከዚያ ወዲህ የማኒባ ሥራ ቤት ለቤት መዞር ሆኗል። አፉ የማይድን፣ እጁ የሚኮማተር፣ ያለ ምክንያት ጠቁሮ ጨው የሚልስ ልጅ ካለ ሐኪም ይየው ይላሉ። ሊጋቡ የታጩ ወጣቶች ኮከባቸው ከመቆጠሩ በፊት ደማቸው ይታይ ይላሉ። «ይህ ነገር በእኔ ቤት አለ፤ እኩሌታው ከእኛ ነው» ብለው ነው የሚጀምሩት። አንድ ቀን ላሊታ በረንዳቸው ላይ መጥታ በሹክሹክታ ገሠጸቻቸው።

«ማኒ፣ እባክሽ ይህን በየደጁ አታውሪ። ለልጆችሽ ባል ይጠፋል።»

«አንዱን ልጅ ዝም ብዬ ሸኘሁት፣ ላሊታ» አሉ ማኒባ። «ሁለተኛዋ የተረፈችው ሰው ስለተናገረ ነው። ከእንግዲህ ወሬኛ ነኝ።»

ላሊታ ለመሄድ ተነሣች፤ ደጁ ላይ ግን ቆመች። ከዚያ ዞር ብላ ቪራሊ ለእረፍት መቼ እንደምትመጣ ጠየቀች። የትንሹ የልጅ ልጇ አፍ ነጭ ነገር እንደያዘ ዓመት አልፎት ነበር።