የወርቁ ሽቦ

ከአሰበ ተፈሪ ወደ ሚኤሶ በሚወርደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከፊቴ ግልገል ፍየል ያቀፉ ሽማግሌና አንድ ወጣት ሬዲዮ ጠጋኝ ተቀምጠዋል።

«ግልገሏ ወዴት ናት፣ አባባ?»

«ገበያ። እሷን ሸጬ ለቴፔ ሁለተኛ የወርቅ ሽቦ እገዛለሁ።»

«ደግሞ ሽቦው ምን ያደርጋል?»

«ቴፑ ላይ ሲጠመጠም ድምፅ ያጠራል። ሻጩ በሳይንስ የተረጋገጠ ነው ብሎኛል።»

«ወላሂ አታለለዎት! ወርቁ ቀለም ነው። ለመሆኑ ምን ሊሰሙበት ነው?»

«ልጄ ከጅዳ ካሴት ልኮልናል። ጎረቤቱን ሁሉ በስም እየጠራ ሰላም ይላል። የኔን ስም ግን አልሰማሁትም። ሻጩ የቴፑ ጩኸት ውጦት ይሆናል አለኝ።»

«የመጀመሪያው ሽቦስ ምን አሰማዎት?»

«ባለቤቴ ጠራ አለች። እኔ የሰማሁት በሬያችንን እንኳ በስሙ ሲጠራ ነው፣ የኔን ግን አይደለም።»

ጠጋኙ ሊስቅ ብሎ ተወው።

«አባባ፣ ያልተቀዳ ነገር በሽቦ አይወጣም። ግልገሏን ይዘው ይመለሱ። ቴፑን ያምጡልኝ፣ ውስጡን በአልኮል እጠርግልዎታለሁ፣ በነጻ።»

«ተጠርጎም ስሜ ባይሰማስ?»

ጠጋኙ የግልገሏን ጆሮ ዳበሰ።

እኔም በሚኤሶ ፖስታ ቤት ልልከው የያዝኩትን፣ ለእናቴ የጻፍኩትን ደብዳቤ አውጥቼ፣ የማን ስም እንደቀረ ለማየት የሰላምታውን መስመር ደግሜ አነበብኩ።