አስቀድሞ ጥጃው ይጥባ

ሩዋይ በእግሩ ሲሄድ ያየ ሁሉ ዞር እያለ ያየው ነበር። ለዓመታት ባጃጁ ውስጥ እንጂ ከባጃጁ ውጭ አይታወቅምና። በዚያ የክረምት ጠዋት ግን ሱሪውን ጠቅልሎ፣ ጭቃውን እየረገጠ በገበያው ጥግ ሲያልፍ ከእህቱ ልጅ ከኛኮንግ ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠመ። ኛኮንግ በሂሳብ አያያዝ ተመርቃ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ ሥራ ከያዘች ዓመት አልሞላትም። ሰው ፊት ድምጿ የማይሰማ ልጅ ናት።

«አጎቴ፣ እንዴት አደሩ? ባጃጁስ?»

«ጋራዥ ነው። ሞተሩ ሞቷል፤ ልቀብረው እየሄድኩ ነው።»

«መቅበር ማለት?»

«መሸጥ ነዋ! አንድ ነጋዴ ‹እንዳለ እወስደዋለሁ› ብሎ እዚያው እየጠበቀኝ ነው። የሰጠኝ ዋጋ ያሳፍራል፤ ግን ማሠሪያ ብር የለኝም።»

ይህን ሲናገር ዓይኖቹ መሬት ላይ ነበሩ። ባጃጁ ከሄደ ቤቱ ከነገ ወዲያ በምን እንደሚያድር አያውቅም። ሚስቱ ኛዊዩዋልም ገና አልሰማችም።

«ላሞችዎስ?» አለች ኛኮንግ።

«አሉ፤ መንደር ወንድሜ ዘንድ። መንገዱን ግን ጎርፍ ቆርጦታል። ውሃው እስኪጎድል እንኳን ከብት ሰውም አይሻገርም። ያ ሜካኒኩ ዘርአብሩክ ትናንት ምን እንዳለኝ ታውቂያለሽ? ‹ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ› ብሎ ሳቀብኝ። ተረቱ የደገኛ ነው፤ ግን አጥንቴ ድረስ ገባ።»

ኛኮንግ ፈገግታዋን በእጇ ሸፈነች። ከዚያም እንዳቀረቀረች፣ «እንግዲያው አይሽጡት» አለች።

«በምን ላሠራው? በምላሴ?»

«እኔ አበድርዎታለሁ። ከደመወዜ ለክፉ ቀን የምለያት አለች።»

«አንቺ?» ሩዋይ ቀጥ ብሎ ቆመ። «ደመወዝሽ ወጥቶ ዘመድ ደጅሽን ያላንኳኳበት ወር አለ?»

«የለም። ያንኳኳሉ፣ እሰጣለሁም። ግን የዘመዱን፣ የቤቱንና የማልነካውን የምለየው ደመወዙ የገባ ዕለት ነው። ‹ሲተርፍ አስቀምጣለሁ› ስል ተርፎኝ አያውቅም። የዘመድ ድርሻ ካለቀ ‹የሚቀጥለው ወር› እላለሁ። መጀመሪያ በሀፍረት ልሞት ነበር። አሁንም ያሳፍረኛል፤ ግን እላለሁ።»

«ብር መደበቅ የስስታም ሥራ ነው! የእኛ ሀብት ላም ነው፤ ላም ትወልዳለች። ባንክ የገባ ብር ምን ወልዶ ያውቃል? ይልቁንስ ኑሮ በተወደደ ቁጥር ይከሳል።»

«እውነትዎን ነው፣ ይከሳል። ሁሉንም ባንክ ያስገቡ አላልኩም፤ ላሞቹም ይኑሩ። ነገር ግን ለክፉ ቀን የሚሆነው፣ ክፉ ቀን ሲመጣ እጅ የሚደርስበት ቦታ መሆን አለበት። ጎርፍ ማዶ ያለ ሀብት ለዛሬ ምን ይሠራል?»

ሩዋይ ተናዶ ፊቱን ወደ ጋራዡ መንገድ አዞረ። ልጅቱ ድምጿን ይበልጥ ዝቅ አደረገች።

«አንድ ነገር ልጠይቅ፤ አይቆጡኝ። ላም ሲታለብ ማን ይቀድማል?»

«ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ጥጃው ነዋ! ጥጃው ሳይጠባ ወተቱ አይወርድም። ሲታለብም ለእሱ ይተርፍለታል። እስከ ጠብታው አንጠፍጥፎ የሚያልብ ሰው ነገ በረቱ ባዶ ነው።»

«ባጃጁስ? ከየዕለቱ ገቢ ለባጃጁ ምን ይቀድምለት ነበር?»

ዘርአብሩክ «ዘይት ቀይር» ማለት የጀመረው ገና ከፋሲካ በፊት ነበር። ሩዋይ ግን የቀኑን ገቢ በቀኑ ሲበትን፣ አንዱን ጋብዞ ሌላውን በነፃ ሲያደርስ፣ ዘይቱን «ነገ» እያለ ከረመ።

«አንጠፍጥፌ አልቤዋለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

ከሩቅ የመጣ ምክር ለጆሮ እንግዳ ነው፤ ከገዛ በረት ሲነሣ ግን ቤተኛ ይሆናል። ሩዋይን የረታው የልጅቱ ዲግሪ ሳይሆን ያደገበት የአባቱ በረት ነበር።

«ይሁን፣ አበድሪኝ። ዘመድን ‹ሂሳብ ክፈል› ማለት ግን ከእኔ አይወጣም። ይህን አትንኪብኝ!»

«ለዘመድ ከራስዎ ድርሻ ይስጡ። ባጃጁ ግን ዘመድ የለውም።»

ይህ ቃል አልተዋጠለትም። ጭቃውን እየረገጠ ቀድሟት ጋራዡ ደረሰ። ነጋዴው ብሩን አዘጋጅቶ ተቀምጦ ነበር። ሩዋይ ባጃጁን ዳበስ አደረገና፣ «ወንድሜ፣ አትድከም፤ ላሟ አትሸጥም» አለው።

ዘርአብሩክ ነገሩ ባይገባውም መፍቻውን አነሣ።

ከዚያ ወዲህ ከሩዋይ የዕለት ገቢ የመጀመሪያው ለባጃጁ ሆነ፤ ማንም ብር ሳይጠይቀው በስልኩ ወደ ባንክ ይልከዋል። ዘይቱ በጊዜው ይቀየራል። የኛኮንግ ብድር ቀስ በቀስ አለቀ፤ ኛዊዩዋልም ለልጆቹ የትምህርት ቤት ክፍያ ጎረቤት ማስቸገሯን ተወች። ሩዋይ ሀብታም አልሆነም። ነገር ግን በቀጣዩ ክረምት የጎማው ኩሽኔታ ሲሰበርና መንገዱ እንደገና በጎርፍ ሲቆረጥ፣ የሚሸጥ ነገር አልፈለገም፤ በማግሥቱ ሥራ ላይ ነበር።

ያን ዕለት ማለዳ ኛኮንግን አሳፍሮ አውሮፕላን ማረፊያው ድረስ አደረሳት። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ አጎቴ» ብላ ስትወርድ መዳፉን ዘረጋ።

«ሂሳብ!»

«እኔም?»

«ባጃጁ ዘመድ የለውም ያለችው ማን ነበረች? የዛሬዋ የመጀመሪያ ተሳፋሪ አንቺ ነሽ፤ ጥጃው ገና አልጠባም!»

ኛኮንግ ከፈለች። ያቺ ድምጿ የማይሰማ ልጅ እንዲያ ስትስቅ የበሩ ጠባቂዎች ሁሉ ዞረው አዩዋት።